መርፌ በእጅ አይሰጥም

እናቴ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ መርፌ ከእጇ ወደ ሰው እጅ ሰጥታለች። መርፌ በእጅ አይሰጥም፤ ያጣላል። የሚዋስ ሰው ሲመጣ ጨርቅ ላይ ሰክተው ያኖሩለታል፣ ወይም መሬት ላይ ይጥሉለትና ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው በጸሎቱም፣ በቋንቋውም፣ በምግቡም ይለያያል፤ በመርፌ ነገር ግን ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም። ልማዱ ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ ብጠይቅ ብጠይቅ ሁሉም «እናቴ ናት የነገረችኝ» ብሎ ያልፈኛል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ለምን?» የምል ነገረኛ ስለሆንኩ ይህ መልስ አይጥመኝም ነበር። አሁንም አይጥመኝም።

የማወራው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነውን ነው። ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፤ ከተማችንም በባቡሩ ፉጨት ነበር የምትነሳውም የምትተኛውም። የምንኖረው ከቀፊራ ገበያ ጀርባ፣ ሁለት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ የኒም ዛፍ ባለው ግቢ ውስጥ ነው። በአንደኛው ቤት እኛ ነን፤ ፊት ለፊታችን ደግሞ ኤዶ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ የግቢውም የሰፈሩም ልጅ እንደዚያ ነበር የሚጠራት። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር የሚመጣው። እናቴ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ነበረቻት። እሷ ትቆርጣለች፣ በመኪና ትገጥማለች፤ ጠርዙን መቀምቀም፣ የቁልፍ ቀዳዳና የአንገት ጥልፍ የኤዶ ነው። እናቴ ያለ ኤዶ የጨረሰችው ቀሚስ፣ ኤዶም ያለ እናቴ የጀመረችው ቀሚስ አልነበረም።

ድሬዳዋ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ የጋሪ ፈረሱም ጥላ ውስጥ ቆሞ ያንቀላፋል። እነሱ ግን አይተኙም። ኒሙ ሥር ሰሌን ዘርግተው፣ ኤዶ እናቴን «አበዮ» እያለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ እየሰፉ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያሙታል። የኤዶ ትንሿ ልጅና እኔ በአንድ ክረምት ነው የተወለድነው፤ ከዚራ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤታችንም አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተጋድመን የቤት ሥራ የምንሠራ መስለን ሐሜቱን እንሰማ ነበር። ከዚያ የበለጠ ደስ የሚል ነገር በሕይወቴ ብዙ አላየሁም።

ታዲያ የኤዶ ትልቋ ልጅ ልትዳር ሆነ። የሙሽራዋን ቀሚስ እናቴ ቆረጠች። አንድ ቀን ሁለቱ በጥድፊያ ላይ ሳሉ የከሰሉ ካውያ ጨርቁ ላይ ተረስቶ መጨስ ጀመረ። እናቴ በአንድ እጇ ካውያውን አነሳች። ኤዶ የተተረተረውን ጠርዝ ይዛ «መርፌ፣ መርፌ!» እያለች እጇን ዘረጋች፤ እናቴም በሌላ እጇ ይዛት የነበረችውን መርፌ ሰጠቻት። ከሰጠቻት በኋላ ነው ሁለቱም የነቁት። ኤዶ «አዑዙ ቢላህ» አለች፤ እናቴ አማተበች፤ ከዚያ ተያይተው ሳቁ።

ሳቃቸው ሦስት ቀን ነው የቆየው። በሦስተኛው ቀን የሙሽራው ወገን ሴቶች ባሉበት ልጅቷ ቀሚሱን ስትለብስ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አንድ ስንዝር ቀረ። ኤዶ አፈረች። ያፈረ ሰው ደግሞ ሐፍረቱን የሚያሳልፍበት ሰው ይፈልጋል። እዚያው ሴቶቹ ፊት «አበዮ፣ የሰፋሽው ለሙሽራዋ ነው ለታናሿ?» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ መቀሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ግቢውን ተሻገረችና በሯን ዘጋች። ቀሚሱ ጫፍ ላይ ጥልፍ ያለበት ጨርቅ ተቀጥሎለት ሠርጉ አለፈ። ሁለቱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም።

አምስት ወር። በአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ በአንድ ዛፍ ጥላ እየተላለፉ አምስት ወር! እናቴን ምን ሆናችሁ ብላት «መርፌዋ ናት» ትለኛለች። ጓደኛዬም እናቷን ስትጠይቃት መልሱ ያው ነው። ይህ እንዴት እንደሚያናድደኝ ልነግራችሁ አልችልም። ምላስ አጥንት የለው፣ አጥንት ይሰብራል ሲባል እየሰማን፣ ምላስ የሠራውን ጥፋት ምስኪኗ መርፌ ተሸከመችው። መርፌዋ ጥፋተኛ ከሆነች ማንም ይቅርታ መጠየቅ የለበትማ።

መርፌዋ ኤዶ ዘንድ ነበር የቀረችው። ዓይነ ሰፊ ጥሩ መርፌ ናት፤ ኤዶ በቀይ ቁራጭ ጨርቅ ሰክታ ሳጥኗ ውስጥ አኑራታለች። ጎረቤቶች ያጣላቻችሁን መርፌ መልሱና ነገሩ ይለቅ ብለው መክረው ነበር። ግን እንዴት ትመለስ? በእጅ እንዳይሆን በእጅ ነው የተጣሉት። ጨርቅ ላይ ተሰክታ ብትኖር ወይም መሬት ላይ ብትጣል ደግሞ እናቴ መጥታ ጎንበስ ብላ ማንሳት አለባት። እናቴ «እሷ ፊት አላጎነብስም» አለች። ኤዶም «እሷ ደጅ ሄጄ አላኖርም» አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቆመ።

እንዲህ እያለ ሳምንቱም ወሩም ሄደና አንድ ቀን ጓደኛዬ ዴስካችን ላይ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። የእናቷ ወንድም ሁርሶ፣ የወታደሮቹ ማሰልጠኛ አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ኤዶ ከዚህ ግቢ በቃኝ ብላ እሱ ዘንድ ሻይ ቤት ልትከፍት ወስናለች። በወሩ መጨረሻ፣ ማክሰኞ፣ በባቡር ይሄዳሉ። እዚያ ሰባተኛ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጓደኛዬም ሻይ ልትቀዳ ነው። በክፍላችን ከእሷ በላይ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ከእሷ በላይ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ አልነበረም፤ እኔ እንኳ ግማሹን የቤት ሥራ ከእሷ ነው የምገለብጠው። አጎቷ ሱቅ ከፈተ ተብሎ ያ ሁሉ ጭንቅላት ብርጭቆ ሊያጥብ ነው። በጣም ፈራሁ፤ ማታ ማታ ሲሰማ የኖረው የባቡር ፉጨትም ጠላቴ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ነው የሳይንስ መምህራችን ዕቃ ይዘው ክፍል የገቡት። ህንዳዊ ናቸው፤ ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በብስክሌት ነው የሚመጡት። የሚያስተምሩን በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቁት «ተመልከቱ» እና «ቆይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲሆን በሁለቱ ክፍሉን ሁሉ ያስተዳድሩበታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ምስማር፣ የመዳብ ሽቦና ሁለት የባትሪ ድንጋይ አኖሩ። ሽቦውን ምስማሩ ላይ ደርድረው ጠመጠሙት። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ የነበሩትን ስፒሎች በተኑ። ምስማሩን አስጠጉ፤ ምንም የለም። «ቆይ» አሉ። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ድንጋዮቹ ላይ ሲያስነኩ ስፒሎቹ ዘለው ምስማሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ክፍሉ ጮኸ። «ቆይ» አሉ እንደገና፣ አንዱን ጫፍ ከድንጋዩ አነሱት። ስፒሎቹ ጠረጴዛው ላይ ረገፉ።

ክፍሉ የጮኸው ሲያነሳ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሲጥል ነበር። ማግኔትማ አይቻለሁ፤ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ አንድ ቁራጭ አለቻቸው፤ የነካችውን ብረት ይዛ አትለቅም። ይሄኛው ግን ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ይይዛል፣ ሲሄድ ይለቃል። ጓደኛዬን በክርኔ ጎሸም አደረግኋትና መርፌም ያነሳል ወይ ብላ እንድትጠይቅ ነገርኋት። ጠየቀች። ያነሳል አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቆመን ተከራከርን። እኔ ያልኩት እንዲህ ነው፤ መርፌዋን ከኤዶ በኩል አንስተን ወደ እናቴ በኩል እንጥላታለን፤ እጅ አልነካትም፣ ማንም አላጎነበሰም፣ ልማዱም አልተሻረ። ጓደኛዬ ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ስለነበረች ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ጥንቆላ ብላ ሳቀችብኝ። እኔም የፈለገውን ይሁን፣ ሁርሶ ከመሄድ ይሻላል አልኳት። ሳቋን ተወች።

አባቴ በባቡሩ ጥገና ቤት ብረት ገጣጣሚ ነበር። በሴቶቹ ጠብ መሐል አልገባም ብሎ አምስት ወር ሙሉ ከሁለቱም ሰላምታ ሲቀበል የኖረ ብልጥ ሰው ነው። ለትምህርት ቤት ብረት እፈልጋለሁ ስለው ደስ አለው። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ የመዳብ ሽቦ አመጣልኝ፤ ከብረትም የመጨረሻውን ምርጥ መርጦ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ብሎን አመጣ። መቶ ዓመት ባቡር ቢሄድበት አይታጠፍም አለኝ። በኛ ቤት ጥሩ ብረት ማለት የማይታጠፍ ብረት ነው፤ አባቴ ምስማርን ብረት ብሎም አይቆጥራት። እኔም መምህራችን ደሃ ስለሆኑ ነው በምስማር የሠሩት ብዬ አዘንኩላቸው።

ሽቦው ላይ የተቀባውን ቫርኒሽ ጫፍ ጫፉን በምላጭ ፍቀን፣ ብሎኑ ላይ ጠምጥመን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በምሳ ሰዓት ሞከርነው። ጓደኛዬ ጫፉን ድንጋዩ ላይ አስነካች፤ ከእናቴ ዕቃ ያመጣኋት ሌላ መርፌ ዘላ ተያዘች። ተቃቀፍን። ሽቦው ጣቷን አቃጠላትና ለቀቀችው። መርፌዋ አልወደቀችም። ብሎኑን አራገፍኩት፤ አልወደቀችም። ድንጋዮቹን አውጥተን አርቀን ብናስቀምጥም መርፌዋ እዚያው ናት። በጥፍሬ ፈልቅቄ አላቀቅኋት። ደጋግመን ብንሞክር ባሰባት እንጂ አልተሻላትም፤ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ያለ ድንጋይ መያዝ ጀመረች። እኔ ተናድጄ ብሎኑን መሬት ላይ ወረወርኩት። ጓደኛዬ ግን ብሎኑን አንስታ፣ «እናቶቻችን ፊት እንዲህ ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር» አለች።

ብሎኑን ይዘን መምህራችን ዘንድ ሄድን። አገላብጠው አዩት፣ ስፒሎች ላይ አስጠጉት፤ ስፒሎቹ ያለ ሽቦ፣ ያለ ድንጋይ ተጣበቁበት። እንደኛ የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ብዙ ነገር ነገሩን። ጓደኛዬ ተረጎመችልኝ። ይህ ብረት በጣም ጥሩ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ጠንካራ ስለሆነ አንዴ የያዘውን ነገር አይረሳም፤ ኤሌክትሪኩ ሄዶም ማግኔት እንደሆነ ይቀራል። ለኛ ሥራ የሚሆነው ለስላሳው ብረት ነው፤ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ ይረሳል። ተራ ምስማር ፈልጋችሁ ፍም ውስጥ ከታችሁ ቀይ እስኪሆን አቃጥሉት፣ ከዚያ አውጥታችሁ ውኃ ሳታስነኩ አመድ ውስጥ ቅበሩትና ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ የበለጠ ይለሰልሳል አሉን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ያን ቀን ይህን ተረት እያሰብኩ ወደ ቤት ሄድኩ። የቤታችን ሰዎች ሁሉ እንደ አባቴ ብሎን ነበሩ፤ እኔም ጭምር።

ምስማሩን በእናቴ የከሰል ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሲቀላ በጉጠት አውጥቼ አመዱ ውስጥ ስቀብር እናቴ ከኋላዬ ቆማ ኖራለች። የቀላ ምስማር በአመድ ስትቀብር ልጇን ያየች እናት ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ። «በማን ላይ ነው?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ድግምት አይደለም፣ የትምህርት ቤት ነው አልኳት። ህንዱ ናቸው ያዘዙሽ አለች፤ አዎ አልኩ። ጥቂት አሰበችና አመዱን በእጇ ጨመር አደረገችበት። የትምህርት ቤት ነገር ከሆነ እናቴም ኤዶም ክርክር አያውቁም፤ ሁለቱም ፊደል ስላልቆጠሩ ትምህርት ቤት ያለውን ሁሉ ያምናሉ።

በዚህ እምነታቸው ነው ያታለልናቸው። መምህሩ ሙከራው ለሁለቱም እናቶች እንዲታይ፣ እናቶቹም በወረቀት ላይ ጣታቸውን እንዲያትሙ አዘዋል አልን። እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አላዘዙም። ውሸታችን ለሁለቱ ለየብቻ የተነገረ ስለነበር ኤዶም እናቴም ሌላዋ እንደምትመጣ ያወቁት ኒሙ ሥር ከደረሱ በኋላ ነው።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሰበር ሲል፣ የካውያውን ጠረጴዛ ኒሙ ሥር አቆምነው። ኤዶ በር ላይ በገመድ የታሰረው የጉዞ ሳጥን ይታያል፤ ለማክሰኞ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ሁለቱ ሴቶች በጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ ጫፍ፣ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ጓደኛዬ እናቷን መርፌ ያስፈልጋል አለቻት። ኤዶ ከደረቷ ላይ አንዲት መርፌ ልትነቅል ስትል፣ ጓደኛዬ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ያቺን» አለች።

ኤዶ ሞኝ አልነበረችም። መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሽቦ ተራ በተራ አየች። ተነሥታ ቤቷ ገባች። ቆየች። እናቴ ልትነሳ ነጠላዋን ስትሰበስብ አየሁና፣ እማዬ በእግዚአብሔር፣ ገና ነው አልኳት። ኤዶ ተመልሳ መጣች። ቀዩን ጨርቅ ገልጣ መርፌዋን ነቀለችና በእሷ በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት፤ ወደ እናቴ አልገፋቻትም።

ምስማሩን እኔ ያዝኩ። ጓደኛዬ ጫፉን ድንጋዩ ላይ አስነካች። መርፌዋ ተነሥታ ቆመች፣ ዘላም ምስማሩ ጫፍ ላይ ተያዘች። ኤዶ «ቢስሚላህ» አለች። መርፌዋን ጠረጴዛውን አሻግሬ እናቴ ፊት አደረስኳት። አሁን እናቴ የሆነ ነገር መዘርጋት አለባት። አልዘረጋችም። ሽቦው ጓደኛዬን እያቃጠላት እንደሆነ ከፊቷ አየሁ፤ ግን አልለቀቀችም። እናቴ ጓደኛዬን አየቻት፤ ያቺን ከአራስነቷ ጀምሮ በጀርባዋ ያዘለቻትን ልጅ፣ ጣቷ እየተቃጠለ ዝም ያለችውን። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ጓደኛዬ ሽቦውን ለቀቀች። መርፌዋ አልወደቀችም።

በጫፏ ብቻ፣ በጭንቅ ነበር የተንጠለጠለችው። መርፌ ራሷ ጠንካራ ብረት መሆኗን፣ ጥቂት ማግኔትነት እሷም ላይ እንደሚቀር መምህራችን በኋላ ነገሩን፤ ያን ጊዜ ግን የማውቀው ማለቁን ብቻ ነበር። ምስማሩን መነቅነቅ እንደሚቻል እንኳ ትዝ አላለኝም። ኤዶ ቀስ ብላ «አትለቅም» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

እናቴ መርፌዋን ትክ ብላ አየቻት። «እንደኛ ናታ» አለች። ከዚያ ጎንበስ አለችና እፍ አለችባት።

መርፌዋ ነጠላው ላይ ወደቀች። አላጎነብስም ያለችው እናቴ ማጎንበሷን እንኳ ያወቀች አይመስለኝም። አንገቷን ሳታቀና፣ ለነጠላዋ የምትነግር ይመስል፣ «ሜትሩን ትቼ በዓይኔ ገምቼ ነው የቆረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መርፌዋ ምን አደረገች» አለች።

ኤዶ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። «እኔስ፣ አበዮ? ሰው ሰብስቤ አሳቅኩብሽ፤ ወላሂ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» አለች።

እኔ አለቀስኩ። ደስታም ነበር፣ ንዴትም ነበር፤ ሁለት ቃል ለመናገር አምስት ወር! ጓደኛዬ የተቃጠለ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ትስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ያልተሞከረ ነገር የለም። መቀሱ፣ የሳጥኑ ቁልፍ፣ የሻይ ማንኪያው ተራ በተራ መጣ። ኤዶ የወርቅ ጉትቻዋን ፈታ አቀረበች፤ ምስማሩ ዝም አለ። ደጋግማ አስጠጋችው፤ ዝም። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ያ ወርቅ ሠሪ አታለለኝ፣ ለካ ወርቅ አይደለም ብላ ወደ ገበያ ልትነሳ ስትል ልጇ ያዘቻት። ወርቅ አይያዝም፣ ብረት ቢሆን ኖሮ ነበር የሚያዘው ብላ አስረዳቻት። ኤዶ ሙሉ በሙሉ ያመነች አልመሰለኝም፤ ግን ጉትቻውን መልሳ አጠለቀችው። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ብላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ባቡሩ ሲያፏጭ ከትምህርት ቤት ገና መመለሳችን ነበር። ኤዶ ኒሙ ሥር የያዘችውን ቅምቅማት አቁማ ቀና አለች፣ ፉጨቱ እስኪርቅ ሰማችና ወደ ጨርቁ ተመለሰች። የሳጥኑ ገመድ ተፈትቶ ልብስ ማስጫ ሆኗል። ወንድሟ በሳምንቱ ከሁርሶ ተቆጥቶ መጣ፤ ምሳ አብልታ፣ ለሚስቱ እናቴ የሰፋችውን ቀሚስ አሸክማ ሸኘችው። ርዝመቱ በሜትር ነበር የተለካው።

ጣት የታተመበትን ወረቀት በሙከራው ማግስት፣ ሰኞ፣ ለመምህራችን ወስደን ሰጠን፤ ምን እናድርገው፣ ታትሟል። ይህ ምንድነው አሉ። ጓደኛዬ ቆማ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው፤ ውሸታችንን ሳይቀር። የሚቆጡን መስሎኝ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ሁለቱን ሐምራዊ የጣት አሻራዎች ደግመው አዩና ወረቀቱን በሳይንስ መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት። ለመውጣት ስንነሳ «ቆይ» አሉን። ከመሳቢያቸው ሁለት አዲስ የባትሪ ድንጋይ አውጥተው ለጓደኛዬ ሰጧት።

እኔ የእናቴን የስፌት መኪና ወረስኩ፤ በእሷው እየሰፋሁ ነው ያረጀሁት። ጓደኛዬ ሻይ አልቀዳችም። ስምንተኛን አለፈች፣ ከዚያም በላይ ሄደች፤ ተመልሳ መጥታ እዚያው ከተማችን ውስጥ እስከ ጡረታዋ ድረስ ሳይንስ አስተማረች። ምስማርና ሽቦ የምታስተምርበት ሳምንት ሲደርስ በየዓመቱ ስፒልና መርፌ ልትዋስ ሱቄ ትመጣ ነበር።

አሁንም ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ከሸሚዟ ቁልፍ ተነቅሎባት መርፌ ጠየቀችኝ። አጠገቤ ነው የቆመችው፤ እጄን ብዘረጋ ይደርሳታል። ግን ቁራጭ ጨርቅ ፈልጌ፣ መርፌዋን ሰክቼ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። ዕድሜዋን ሁሉ ስለ ብረት ያስተማረች ሴት እጇን ሰብስባ፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጎንበስ አለች፣ መጀመሪያ እፍ አለችባት፣ ቀጥላ አነሳቻት።